እማማ ተዉኝ ብራንች የተጋበዙ ለት

እውነተኛ ስማቸውን የሰፈሩ ሰው ከረሳው ቆይቷል። «እማማ ተዉኝ» ነው የሚላቸው፤ ጎረቤቱም፣ ባለሱቁም፣ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ሳይቀር። ስሙ በከንቱ አልወጣላቸውም። ሻይ ጠጡ ሲባሉ «ተዉኝ»፣ ቁጭ በሉ ሲባሉ «ተዉኝ»፣ ዝናብ ነው፣ ጃንጥላ ያዙ ሲባሉ «ኧረ ተዉኝ»። ይህን ሲሉ ግን ሻዩንም፣ ወንበሩንም፣ ጃንጥላውንም ይፈልጉታል። ነገሩ ወግ አለው። መጀመሪያ ሲጠየቁ ጠንከር አድርገው እምቢ ይላሉ። ሁለተኛ ሲጠየቁ ድምፃቸው ላላ ይልና «ምን አስቸገራችሁ» የምትል ቃል ጣል ያደርጋሉ። ሦስተኛ ሲጠየቁ ደግሞ ከባድ ሸክም እንደተጫነበት ሰው በረዥሙ ተንፍሰው «እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ» ብለው ይቀበላሉ። ያደጉበት ቤት እንዲህ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ ከአፍ ነው፣ የመጨረሻው ግን ከልብ ነው ብለው ያምናሉ። ገና አንዴ ሲጠየቅ እሺ የሚል ሰው ለእሳቸው በር እያለ በመስኮት እንደገባ ነው።

ይህ ወግ አልፎ አልፎ ያስከፍላቸዋል። አንድ ጊዜ ደረጃ ላይ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ሲሰበር፣ ሐኪሙ «ማስታገሻ ልስጥዎት?» ቢላቸው «ተወኝ ልጄ፣ አትቸገር» አሉት። ሐኪሙም ታዛዥ ሰው ነበርና ተዋቸው። አንዲት ነርስ መጥታ ደጋግማ እስክትለምናቸው ድረስ ጥርሳቸውን ነክሰው ጣራ ጣራውን ሲያዩ ቆዩ። እስከ ዛሬ የዚያ ሐኪም ነገር ሲነሳ «ትምህርት ጠግቧል፤ አስተዳደግ ነው የጎደለው» ይላሉ።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው በእረፍት ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ብራንች የተጋበዙት።

«ብራንች ማለት» አላቸው ልጃቸው መኪና ውስጥ፣ «ቁርስ አርፍዶ፣ ምሳ ደግሞ ቸኩሎ ሲመጣ፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ ነው።»

እማማ ተዉኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። የገባቸው ሌላ ነው፤ ቁርስም ይቀራል፣ ምሳም አይኖርም ማለት ነው። ሆዳቸው ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ግብዣ ላይ ጠግቦ መሄድ ጋባዥን መናቅ ነውና።

ልጃቸው ሊፍት ጠጋኝ ነው። የከተማው ሰው በእሱ እጅ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ የእናቱ ሕንፃ ግን ሊፍት የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። እማማ ተዉኝ ከላይኛው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ በየመታጠፊያው ቆም እያሉ ግድግዳውን የሚያደንቁ ይመስላሉ። ጉልበታቸው ነው። ልጁና ሚስቱ ደግሞ በቅርቡ ሰፋ ያለ ቤት ገብተዋል፤ ደረጃ የማይወጣበት፣ መስኮቱ ጓሮውን የሚያይ አንድ ትርፍ ክፍል አለው። «ከእኛ ጋር ኑሪ ሊሉሽ ነው» ብላ ሹክ ያለቻቸው ጎረቤታቸው ናት፤ ልጁ አማክሯት።

ከዚያ ወዲህ ያችን ክፍል በሐሳባቸው ስንት ጊዜ እንዳሰናዷት አይጠየቅም። አልጋው ከግድግዳው ጥግ፣ ራዲዮኑ ከራስጌ፣ ወንበሩ ከመስኮቱ ሥር። መልሱንም አሰናድተዋል። አንዴ እምቢ፣ ሁለቴ እምቢ፣ ቀጥሎ ረዥም ትንፋሽ፣ ከዚያ እሺ። ዛሬ የመጡት ለእንቁላል አይደለም። ለዚያች እሺ ነው።

ብራንች ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ነበር። እማማ ተዉኝ ሰልፍ የሚያውቁት የጠፋ ነገር ሲመጣ ነው፤ እነዚህ ሁሉ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ ሰዎች ቤታቸው እንቁላል አጥተው ነው ብለው ከልብ አዘኑላቸው። ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ሐዘናቸው ባሰ። ግድግዳው አልተለሰነም፤ ጡቡ አፍጥጦ ይታያል። አምፖሉ ሽፋን የለውም፤ ራቁቱን በገመዱ ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛው የግንበኛ ሳንቃ ነው።

«ምስኪኖች፣ ሳይጨርሱት ነው የከፈቱት» አሉ በሹክሹክታ።

«ሆን ብለው ነው እማዬ። ፋሽን ነው።»

«እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል። ፋሽን መሆኑን የነገረን የለም እንጂ።»

ወንበሩ ረዥም ነው። ዶሮ ቆጥ ላይ እንደምትወጣ፣ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ወጡ፤ ምራታቸው ከማዶ ተቀመጠች። እግራቸው ተንጠለጠለ። ዘፈኑ ከመጮሁ የተነሳ ሰው ሁሉ የተጣላ ይመስል እየጮኸ ያወራል። አስተናጋጁ መጣ። እንደ አንጥረኛ የቆዳ ሽርጥ ታጥቋል፣ ፂሙ በቅባት ተወልውሏል።

«እንደምን አረፈዳችሁ። ዛሬ በዚህ የጣዕም ጉዞ አብሬያችሁ የምሆነው እኔ ነኝ።»

«የት ነው የምንሄደው?» አሉ እማማ ተዉኝ ወደ ልጃቸው ዘንበል ብለው።

«የትም። እዚሁ ነን እማዬ።»

ምራታቸው እንቁላል ከአቮካዶ ጋር አዘዘች። ልጁ ፓንኬክ አለ። አስተናጋጁ ወደ እማማ ተዉኝ ዞረ።

«ለእናቴስ?»

«ተወኝ ልጄ፣ እኔ ምንም አልፈልግም። ውሃ ይበቃኛል።»

«ውሃ» አለ አስተናጋጁ እየጻፈ። «ግሩም ምርጫ ነው።» ሜኑውን ከእጃቸው ሳብ አድርጎ ሄደ።

የእማማ ተዉኝ እጅ ሜኑውን እንደያዘ ሰው እጅ አየር ላይ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። ሰው እንግዳውን «እባክዎ» ሳይል፣ «በእኔ ሞት» ሳይል፣ ጥሎ ይሄዳል? ልጃቸው «ምነው እማዬ፣ በልተሽ ነው የመጣሽው?» ከማለቱ ስልኩ ጮኸ። አንድ ቦታ ሊፍት ውስጥ ሰው ተቀርቅሯል። «አትነካኩት፣ ቁልፉን አትነካኩት» እያለ ወደ ውጭ ወጣ።

የቀረችው ምራታቸው ናት። የጥርስ ሐኪም ናት፣ ደግ ልጅ ናት፤ የተባለችውን ግን እንደተባለችው የምትወስድ ናት። «ያምዎታል?» ትላለች፤ «አያመኝም» ካሏት መቦርቦሯን ትቀጥላለች።

«ካልራበዎት ችግር የለም እማማ» አለቻቸው ፈገግ ብላ። «ሰውን ያለ ፍላጎቱ መጎትጎት እኔም አልወድም።»

«ተባረኪ» አሉ እማማ ተዉኝ። ሆዳቸው ግን አልባረካትም፤ አጉረመረመ። ደግነቱ ዘፈኑ ሸፈነላቸው።

ልጁ ተመልሶ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሹካውን አነሳ፣ አስቀመጠ። እማማ ተዉኝ ገባቸው። ልባቸው ከወንበሩ በላይ ወጣች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልንጠይቅሽ ነበር። ያቺ ጓሮውን የምታየው ክፍል ባዶ ናት። ከእኛ ጋር እንድትሆኚ ፈልገን ነው። ደረጃው ይብቃሽ። ምን ትያለሽ?»

አፍ የለመደውን አይተውምና፣ አፋቸው እሳቸውን ሳያማክር ተናገረ።

«ተወኝ ልጄ። እኔ ደህና ነኝ። አሮጊት ሰው ባልና ሚስት መሀል ገብቶ ምን ሊሠራ። ተዉኝ።»

ብለው ዓይናቸውን ሰበር አደረጉና ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቁ።

ሁለተኛው ጥያቄ አልመጣም። የመጣው አስተናጋጁ ነው።

የምራቲቱን እንቁላል በሳህን ሳይሆን በቁራጭ ሳንቃ ላይ ይዞ መጣ፤ ከጠረጴዛው የተረፈ ነው መሰል። ከዚያ ቆሞ ታሪኩን ጀመረ። ዶሮዋ ሜዳ ላይ እንደ ልቧ የምትዘል እንደሆነች፣ ያደገችው በጭንቀት እንዳልሆነ፣ አቮካዶው በእጅ እንጂ በማሽን እንዳልተፈጨ፣ ዳቦው ሌሊቱን ሲያርፍ እንዳደረ። የአንዳንድ ሰው ለቅሶ ላይ እንኳ ይህን ያህል የሕይወት ታሪክ አይነበብም። ሲጨርስ እንቁላሉ ቀዝቅዞ ነበር።

«የእኔስ?» አለ ልጁ።

«ወጥ ቤታችን ምግብን አያጣድፍም። ሲደርስ ራሱ ይመጣል» አለ አስተናጋጁ በኩራት፣ ሄደም።

ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ አፉን ሊከፍት ሲል፣ ሚስቱ እጁን በስሱ ያዝ አደረገችው። እማማ ተዉኝ አዩ።

«እሺ እማማ» አለች ምራቲቱ፣ ቀስ ብላ። «ውሳኔዎትን እናከብራለን።»

እናከብራለን። እማማ ተዉኝ በዕድሜያቸው ብዙ ስድብ ሰምተዋል፤ እንዲህ አንጀታቸውን ያቃጠለ ግን አልነበረም።

ልጁ ባዶውን ሳንቃ ጠረጴዛ በጥፍሩ ፈተገ። «እንግዲያስ ያቺ ክፍል… የስፖርት ማሽን እናስገባባት ይሆን?»

«የመሮጫውን?» አለች ሚስቱ፣ ልቧ በሌለበት ድምፅ።

«የመሮጫውን።»

ቆሞ የሚያስሮጥ ማሽን። እማማ ተዉኝ በዓይነ ኅሊናቸው ሲገባ አዩት። አልጋውን ገፍቶ ጥጉን ያዘ፣ ራዲዮኑን ከራስጌ ጣለው፣ ከወንበሩ ጋር ተጣላ። የትም የማይደርስ ማሽን የእሳቸውን ቦታ ሊወስድ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ደረጃ ለደረጃ ይኳትናሉ።

ዝም ብሎ ማየት አልሆነላቸውም። ነገሩን በዘዴ ሊመልሱት ሞከሩ።

«ያች ክፍል ፀሐይ ታገኛለች አይደል?»

«በደንብ ነው የምታገኘው» አለ ልጁ። «ለማሽኑ ግን መጋረጃ እናደርጋለን፤ ፕላስቲኩ በፀሐይ ይሰነጠቃል።»

«የኛ ደረጃ ሰሞኑን ረዘመብኝ።»

«ደረጃ አይረዝምም እማዬ። መደገፊያው ብረት ላልቶ ይሆናል፤ መጥቼ አጠብቅልሻለሁ።»

«ጉልበቴን ነው እንጂ።»

ምራቲቱ ቀና አለች። «የአጥንት ሐኪም የሆነች ጓደኛ አለችኝ። ቀጠሮ ልያዝልዎት?»

«ተዪኝ ልጄ።»

«እሺ» አለች ምራቲቱ። የጉልበቱም ፋይል ተዘጋ።

በአጠገባቸው አንድ ወፍራም ሰውዬ ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ ከዳቦው ጋር ግብግብ ገጥሟል። ቢላዋው ይንሸራተታል፣ ሳንቃው ይንሸራተታል፣ ዳቦው ግን ንቅንቅ አይልም። «ድንጋይ ነው እኮ» ይላል ለሚስቱ። «የእኔም ጥሬ ነው» ትላለች ሚስቱ። ይኼኔ አስተናጋጁ ብቅ አለ።

«ሁሉ ነገር እንዴት ነው?»

«ግሩም ነው» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

ማዶ ያለችው ሴት ደግሞ ጭማቂ ካዘዘች ቆይታለች። «መንገድ ላይ ነው» ይላታል አስተናጋጁ ባለፈ ቁጥር። ወጥ ቤቱ ከተቀመጠችበት ይታያል፤ ጭማቂው በየት በኩል ዞሮ እንደሚመጣ እሱ ነው የሚያውቀው። በመጨረሻ ሲመጣ ያላዘዘችው ነበር። ፎቶ አነሳችው። «ሁሉ ነገር እንዴት ነው?» አላት። «በጣም ቆንጆ» አለችው፣ ገፋ አድርጋም አስቀመጠችው።

እማማ ተዉኝ ይህን ሁሉ አዩ። ለካ ይህ ቤት የእሳቸው ቢጤ ሞልቶበታል። ሁሉም ሌላ እየፈለገ ሌላ ይናገራል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እሳቸው ባደጉበት ቤት ጠያቂው መልሱን አያምንም ነበር። እዚህ ግን ጠያቂው ቀኑን ሙሉ ይጠይቃል፣ የሚጠይቀው ሁሉ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው። ሁለተኛውን ማንም አልነገረውም። ልጃቸውስ? ልጃቸውም እዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አስተናጋጅ ሆነባቸው።

ፓንኬኩ መጣ። ልጁ «ቅመሺ እማዬ» አለ። «ተወኝ» አሉ። «እሺ» አለ፣ ጎረሰም። ድሮ ቢሆን መልስ ሳይጠብቅ ቆርሶ ፊታቸው ያስቀምጥላቸው ነበር። ማሩ በአገጩ ሲወርድ እያዩ ምራቃቸውን ዋጡ። ባልና ሚስቱ ስለ ማሽኑ ያወራሉ፤ በየት በር ይገባል፣ ማን ይሸከመዋል። ትንሽ ቆይተው ይነሳሉ፣ ልጁ እስከ ሕንፃቸው በር ይሸኛቸዋል፣ ደረጃውን ብቻቸውን ይወጡታል። ያች ክፍል በዚያው ትሄዳለች። ዳግመኛ ማን ይጠይቃቸዋል? «እናከብራለን» ያለ ሰው አይመለስበትም።

አስተናጋጁ መጣ። እጁን አጣምሮ ፈገግ አለ።

«እናቴ፣ ውሃው እንዴት ነው?»

እማማ ተዉኝ ውሃውን አዩት። የጃም ጠርሙስ ውስጥ ነው፤ ምን በደሉት ሳይሉ አንዲት ቅጠል ጥለውበታል።

«ውሃው ውሃ ነው» አሉ። «እኔ ግን ርቦኛል።»

አስተናጋጁ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ጥያቄውን የመለሰለት ሰው አጋጥሞት አያውቅም መሰለኝ።

«ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?»

«ርቦኛል። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። እንቁላል አምጣልኝ፣ በደንብ የበሰለ። ዳቦውን ደግሞ ያ ሰውዬ ከሚታገለው አታድርግብኝ፤ ለስለስ ያለ ካላችሁ። በሳህን ይሁን፣ ሳንቃው ይቅርብኝ። ታሪኩም ይቅር፣ የዶሮዋን ነገር ቅድም ሰምቻለሁ።»

ወፍራሙ ሰውዬ ቢላዋውን አስቀመጠ። «ለእኔም» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይኼን ቀይርልኝማ።»

እማማ ተዉኝ ደማቸው ሞቀ። አሁን ካላሉት ዳግመኛ እንደማይሉት አወቁ። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ያችን ክፍልም እፈልጋታለሁ።»

«ክፍል…» አለ አስተናጋጁ እየጻፈ።

«እሷ ላንተ አይደለችም። አንተ እንቁላሉን።»

አስተናጋጁ ሄደ። የልጁ ሹካ አየር ላይ ቆሟል።

«አሁን እምቢ አላልሽም እንዴ እማዬ?»

«አንዴ ነው ያልኩት።»

«ስንቴ ልትዪ ነበር ታዲያ?»

«አታውቅም? እኔ ቤት አይደለም ያደግኸው? ማን ደጅ ነው ያሳደገህ?»

ልጁ አንገቱን አከከ። ሚስቱን አየት። ምራቲቱ ሹካዋን አስቀምጣ ጣቶቿን ታያለች።

«እኔ ነኝ» አለች። «አንዴ ጠይቃት፣ እምቢ ካለች አታስጨንቃት፣ የምትፈልገውን የምታውቅ ሴት ናት ያልኩት እኔ ነኝ። ቅድም እምቢ ሲሉ ደግሞ… ከእኔ ጋር መኖር አልፈለጉም ብዬ ነው የገባኝ። ክፍሏን ቀለም አስቀብቻት ነበር።»

«ለማሽኑ?»

«የምን ማሽን እማማ። ማሽኑ አሁን የመጣ ነው፤ የምንለው ብናጣ።»

ለካ ከጠረጴዛው ማዶም ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ነበር። እማማ ተዉኝ እጃቸውን ዘርግተው የምራታቸውን እጅ ያዙ።

«እኔ አንቺን ጠልቼ? ልጄ፣ እኔ የምጠላውን ሰው ገና አንዴ ሲጠይቀኝ ነው እሺ ብዬ የምገላገለው። እምቢ የምለው ደግመው እንዲጠይቁኝ የምፈልጋቸውን ነው።»

«ይህን እኔ በምን ልወቅ?» አለች ምራቲቱ። ዓይኗ እርጥብ ነው፤ ድምፅዋ ግን የሐኪም ድምፅ ነው። «እኛ ቤት አይ ማለት አይ ነው።»

«በረሃብ ትገድይኛለሽ በይኛ።»

«እውነቴን ነው። ቁርስ ይበላሉ ስልዎት ተዪኝ ካሉኝ ትቼዎት ነው የምሄደው። ሦስቴ እየጠየቅሁ ሥራ ልገባ አልችልም።»

እማማ ተዉኝ አሰቡበት። ቀላል ነገር አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ያቆዩት ነገር ነው። «ሁለቴ ጠይቂኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሦስተኛውን እኔ እተወዋለሁ።»

«ሁለቴ» አለች ምራቲቱ። «ከዚያ በላይ የለም።»

«ከዚያ በላይ አልልም።»

«እኔስ ስንቴ ነው የምጠየቀው?» አለ ልጁ።

«አንተ ዝም ብለህ ብላ» አሉት ሁለቱም።

«ምን ዓይነት ቀለም ነው የቀባሽው?» አሉ እማማ ተዉኝ ትንሽ ቆይተው።

«ፈዘዝ ያለ ቢጫ።»

ቆንጆ ነው ሊሉ ነበር፤ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ግን እውነት አንዴ ከጀመሩት አያቆምም።

«ሌላ አልነበረም?»

ምራቲቱ ሳቀች። በዚያች ቀን መሳቋ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ስለ አረንጓዴና ስለ ነጭ ተከራከሩ፤ ልጁ ማንም ሳይጠይቀው ሰማያዊ አለ፤ ማንም አልሰማውም።

እንቁላሉ መጣ። በሳህን ነው። አስተናጋጁ ታሪክ ሊጀምር አፉን ከፈተ፣ የእማማ ተዉኝን ዓይን አየ፣ ዘጋው። ሲበሉ ቆሞ አያቸው። ፊቱ ላይ ያ የተወለወለው ፈገግታ አልነበረም፤ የእውነት ማወቅ የፈለገ ይመስላል።

«እንዴት ነው?»

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

አስተናጋጁ ሮጠ። ጨው ይዞ ሲመለስ ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ላይ እጆች ተነስተው ይጠብቁት ነበር። አንዱ እንቁላሉ ጥሬ ነው ይለዋል፣ አንዷ ጭማቂዬ ሌላ ነው ትለዋለች። ያ ሁሉ ግሩም ባይ በአንዴ የት እንደገባ እንጃ።

እማማ ተዉኝ የቀረውን በዳቦ ጠርገው በሉ። ምራቲቱ ጨርሰው እስኪውጡ ጠበቀችና ጠጋ አለች።

«ቅዳሜ መኪና ይዘን መጥተን ዕቃዎትን እንጫን?»

ምላሳቸው ከጥርሳቸው ጋር ተጣበቀ፤ ለ«ተዉኝ» የሚሆነውን ቦታ ያዘ። ምራቲቱ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። ሁለተኛውን ጥያቄ አዘጋጅታ፣ እንዳትረሳው በከንፈሯ እያነበነበችው፣ ፈተና እንደምትገባ ተማሪ ተቀምጣለች። አሳዘነቻቸው።

«ኑ» አሉ። «በጠዋት ኑ። ቁርስ ሳትበሉ።»